ዜና ምርጫ ዘከሚሴ

ሁሉን በሚያይ፣ ሁሉን በሚሰማ ፈጣሪ ስም ይህን የምርጫ ዜና እንጀምራለን። ነገሩም በቦርከና ወንዝ ዳርና በጨፋ ሜዳ ስለሚኖረው ሕዝብ፣ ስለ ከሚሴ፣ ስለ ባቲ፣ ስለ ደዋ ጨፋ፣ ስለ ደዋ ሐረዋ፣ ስለ አርጡማ ፉርሲና ስለ ጅሌ ጥሙጋ ነው፤ ድምፁ በየዘመኑ እንዴት እንደ ተቆጠረ፣ መቼም ሳይቆጠር እንደ ቀረ። ጸሐፊው ለማን እንደሚያደላ ከወዲሁ ይታወቅ። ይህ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ሸንጎ ተቀምጦ እንዲመክር የተሠራውን ሥርዓት ይወዳል፤ የከሚሴን የብሔረሰብ ምክር ቤት ክብር ይሻል። ስለዚህ የምክር ቤቱን ደስታ ሲያገኝ ብዕሩን ያረዝማል።

በቀደመው ዘመን በኦሮሞ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ የገዳ ምድብ ወደ ሌላው ይተላለፍ ነበር። በወሎ ግን የኢማሞቹና የባላባቶቹ ቤት እየበረታ ሲሄድ ሹመት ከአባት ወደ ልጅ ሆነ። ለሕዝቡ የቀረለት የሽማግሌዎች ሸንጎና አበጋር የሚባለው አስታራቂ የሚያወርደው ዕርቅ ነበር። አበጋርነት በዘር የሚወረስ እንጂ በድምፅ የሚገኝ አይደለም፤ ቢሆንም ሕዝቡ ያላመነበት አበጋር ዕርቁ አይጸናለትም። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ሰኞ ባቲ ላይ፣ እሑድ ሰንበቴ ላይ ተገበያይተው በሰላም ወደየቤታቸው የተመለሱት በእነዚህ ሰዎች ዱዓና ድካም ነው። አላህ ይማራቸው።

ከዚህም በኋላ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ሰጡ። ሁለት ምክር ቤቶችም ቆሙ። የሕግ መወሰኛውን አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን አባሎች ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና የአገር ሹሞች ይመርጣሉ ተባለ። ይህ «እስኪችል ድረስ» ጠላት ገብቶ እስኪወጣም፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ክረምት እስኪያልፍ ቆየ።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለና 21 ዓመት የሞላው ወንድም ሴትም ይምረጥ ተባለ። አገሩ በምርጫ ክልል ተከፈለ፤ ለአንድ ክልል ወደ 200,000 ሕዝብ ተመደበ፤ ከአንዱም ክልል ሁለት እንደራሴ ይወጣ ዘንድ ተደነገገ። በ1950 ዓ.ም. መግቢያ የመጀመሪያው ምርጫ ሆነ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ከሴቶች ቀድመው ፓርላማ ገቡ፤ ይህ የዚያ ምርጫ ጌጥ ነው። ነገር ግን ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ለመወዳደርም ንብረት ያለው መሆን ግድ ነበር። በጨፋ ሜዳ የሰው መሬት አርሶ ለባለ መሬቱ እህል የሚሰፍር ጭሰኛ ድምፅ ይሰጣል እንጂ ድምፅ አይጠይቅም። እንግዲህ ሕዝቡ ከመምረጡ በፊት ሕጉ አንድ ጊዜ መርጦ ጨርሷል ማለት ነው። ደግሞም የቦርከናው ሕዝብ ያን ጊዜ በሁለት ጠቅላይ ግዛት ተከፍሎ ነበር፤ ከሚሴ ከወሎ ጋር በቃሉ አውራጃ፣ አርጡማና ጅሌ ከሸዋ ጋር በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ሆነው፣ በአንድ ቋንቋ የሚነጋገር ሰው በሁለት መዝገብ ይቆጠር ነበር።

ምርጫውም በየአራት ዓመቱ ቀጠለ። የመጨረሻው በሰኔ 1965 ዓ.ም. ሆነ። በዚያው ዓመት የወሎ ገበሬ በረሃብ ከነልጆቹ በአውራ ጎዳናው ዳር ወድቆ የሚያልፈውን መኪና እጁን ዘርግቶ ይለምን ነበር። እንደራሴ ያለው ሕዝብ ነበር፤ እግዜር ይፍረድ።

የደርግን ዘመን በአጭሩ እንለፈው። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕዝቡ በሕገ መንግሥቱ ላይ ድምፅ እንዲሰጥ ተደረገ፤ ሰኔ 7 ቀን ለብሔራዊ ሸንጎ 835 ሰው ተመረጠ። በየምርጫ ክልሉ ሦስት እጩ ይቀርባል፤ የሦስቱንም ስም ያጣራው አንዱ ፓርቲ፣ ኢሠፓ ነበር። ሳጥኑም፣ ሰልፉም፣ ቆጠራውም ነበረ።

አሁን ወደ ደስታው ነገር ደርሰናል።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ፤ በሐምሌም የሽግግሩ ቻርተር ጸደቀ። በማግሥቱ ዓመት በአዋጅ ቁጥር 7 አገሩ በብሔረሰብ አሰፋፈር ታይቶ እንደ ገና ተሰመረ፤ የአማራው ክልልም ክልል ሦስት ተባለ። ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. የክልልና የወረዳ ምርጫ ሆነ። ኦነግ ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከምርጫው ወጣ፤ ስለዚህ የዚያን ዓመት ምርጫ ከዚህ በላይ አናነሳውም። ታላቁ ነገር በዚህ የሽግግር ዘመን ከወሎና ከሸዋ ተከፍሎ የኖረው የቦርከና ኦሮሞ በአንድ ዞን መሰባሰቡ ነው። ከተማውም ከሚሴ ሆነ። የአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም፣ በተለይ በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 59 ተሻሽሎ ሲወጣ፣ ለሕምራ፣ ለአዊና ለኦሮሞ የብሔረሰብ አስተዳደር አጸና። ለየአስተዳደሩም የራሱን አስተዳዳሪ የሚሰይም፣ የሥራ ቋንቋውን የሚወስን ምክር ቤት ተሰጠው።

ይህ ለአንባቢ ትንሽ መስሎ እንዳይታይ ጥቂት እናስረዳ። ከዚያ በፊት ከጅሌ ቆላ ወደ ፍርድ ቤት የመጣች ሴት የባሏን ርስት ለመከራከር ቃሏን በአስተርጓሚ አፍ ትሰጥ ነበር፤ አስተርጓሚው የጎደለባት እንደ ሆነ ነገሯ ይጎድላል። ከዚያ ወዲህ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ባለ ጉዳዩ በአንድ ልሳን፣ በአፋን ኦሮሞ ይነጋገራሉ። ልጁም ትምህርት ቤት ገብቶ የመጀመሪያውን ፊደል እናቱ በምታወራበት ቋንቋ ይቆጥራል። ከሚሴ የመኪና መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ የሚያልፋት ከተማ ነበረች፤ አሁን ምክር ቤት የሚሰበሰብባት፣ አስተዳዳሪ የሚሰየምባት ሆነች። ይህን ያየ ሽማግሌ አልሐምዱሊላህ ቢል ማን ይነቅፈዋል? ጸሐፊውም አብሮ ይላል።

የዚህም ድል ምስጢር በቁጥር ይታያል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 457,278 ሲሆን የአማራ ክልል ሕዝብ 17,221,976 ነበር። ከመቶ ሦስት አይሞላም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካይ በየምርጫ ክልሉ ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ነው ይላል። በዚህ ሕግ ለተበታተነ ሕዝብ ከመቶ ሦስት ማለት ባዶ እጅ ማለት ነው። ይኸው ሕዝብ ከጎንደር እስከ ጎጃም፣ ከሰሜን ሸዋ እስከ ዋግ በየወረዳው እኩል ቢበተን ኖሮ በየጣቢያው ከመቶ መራጭ ሁለትና ሦስት ሆኖ በየስፍራው ይሸነፍ ነበር፤ ከክልሉ ምክር ቤት 294 ወንበሮች አንድም አይደርሰውም። በአንድ ሜዳ ተሰባስቦ ስለ ኖረና መስመሩም በዙሪያው ስለ ተሰመረ ግን፣ የማንንም ችሮታ ሳይጠብቅ በገዛ ድምፁ ወኪሉን ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይልካል። እንግዲህ መራጩ እስክሪብቶ ሳያነሳ መስመሩ ተናግሯል፤ ለከሚሴም በጎ ተናገረላት።

መስመር ግን ሁሉንም ደስ ሊያሰኝ አይችልም። በዞኑ ውስጥ የሚኖረው አማራ በክልሉ ብዙ ነው፣ በቀበሌው ጥቂት ነው። አርጎባው በተራራው ጫፍና በቆላው አፋፍ ተበታትኖ ስለ ኖረ በዚህ አቆጣጠር ከሁሉ ይልቅ ይጎዳ ነበር። ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ ከ550 ለማይበልጠው የተወካዮች ምክር ቤት አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ ለየ፤ አርጎባም ልዩ ወረዳና አንድ የፌዴራል ወንበር አገኘ። ይህ መልካም ፍርድ ነው። በከሚሴ ገበያ ሱቅ ከፍቶ ልጅ የሚያሳድገው ጥቂት ወገንም እንዲሁ የሚያስብለት ይሻል፤ የከሚሴ ምክር ቤት ራሱ ጥቂት የነበረ ነውና ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል።

ስለ ቋንቋም አንድ የታወቀ ክርክር እናንሳ። ለ1992 ዓ.ም. ምርጫ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለእጩነት የቀረቡ ሰዎች የአካባቢውን ነባር ብሔረሰቦች ቋንቋ አታውቁም ተብለው በምርጫ ቦርድ ተከለከሉ። እነርሱም ለፌዴሬሽን ምክር ቤት አቤት አሉ። ምክር ቤቱ በ1995 ዓ.ም. ሲፈርድ እጩ የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ አለበት፣ ክልሉም የሚሠራው በአማርኛ ነውና ክልከላው አይገባም አለ። ፍርዱ ግን ምርጫው ካለፈ በኋላ የመጣ ነበር። ሁለት ቋንቋ በሚሰማበት እንደ ከሚሴ ባለ አገር ይህ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ቋንቋ ለመራጩ በር ከፋች ሆኖ ሳለ ለተመራጩ በር መዝጊያ ሊሆን ይችላልና።

ወደ ቀደመው ነገር እንመለስ። ሚያዝያ 29 ቀን 1987 ዓ.ም. በአዲሱ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ምርጫ ሆነ፤ ግንቦት 6 ቀን 1992 ዓ.ም. ሁለተኛው። በሁለቱም ኢሕአዴግ አሸነፈ። ሦስተኛው ግን፣ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የሆነው፣ ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራው ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሰልፉ ተጀመረ። መራጩ ካርዱን ያሳያል፣ ስሙ ከመዝገብ ይፈለጋል፣ አውራ ጣቱ ቀለም ይነካል፣ ወረቀቱን ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ይገባል። ማታ ጣቢያው ተዘግቶ ኮሮጆው ሲፈታ ወረቀቱ በጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል። አስፈጻሚው አንድ አንዱን እየዘረጋ ከፍ አድርጎ ለታዛቢዎች ያሳያል፤ ምልክቱንም እየጠራ፣ «ንብ»፣ «ንብ»፣ «ጣት»፣ «ንብ» እያለ በየክምሩ ያኖረዋል። ንብ የኢሕአዴግ፣ ሁለቱ ጣት የቅንጅት ነበሩ። በፋኖስ ብርሃን ሌሊቱን ሲቆጠር አድሮ ውጤቱ በጣቢያው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ከዚህ ግድግዳ እስከ ፓርላማው ድረስ ያለው መንገድ ነው ብዙ ሰው የማያየው። እንበል በአንድ የምርጫ ክልል 1,000 ሰው ድምፅ ሰጠ፤ ለአንዱ 400፣ ለሁለተኛው 350፣ ለሦስተኛው 250 ወጣለት። ወንበሩ ሙሉውን የመጀመሪያው ነው። የ600ው ሰው ድምፅ እዚያው ግድግዳ ላይ ይቀራል። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱንም የፌዴራል ወንበሮች፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱን ወሰደ፤ በከተማው ኢሕአዴግን የመረጠ ሰው ሁሉ በፌዴራሉ ምክር ቤት ያለ ወኪል ቀረ። በአምስት ዓመቱ፣ ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግ ከ23ቱ 22ቱን ወሰደ። የሰው ልብ በአምስት ዓመት ይህን ያህል አይገለበጥም፤ የተገለበጠው ሚዛኑ ነው። ጥቂት ዝንባሌ በዚህ ሚዛን ላይ ሲወጣ ወንበሩን ሁሉ ይዞ ይወርዳል።

በ1997 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109፣ ለኅብረት 52 ወንበር ታወጀ። ከዚያ በኋላ ስለ ፈሰሰው ደም ሌሎች ጽፈዋል።

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ሆነ። በአዲሱ ሕግ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባል እንዲኖረው ተደርጎ ነበርና በመላ አገሪቱ ወንበሩ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ያን ያህል እጩ ማቅረብ የቻለ ተቃዋሚ አልነበረም፤ የደረሳቸውም ሦስት ወንበር ነው። የምክር ቤትን ስፋት የወሰነ ሰው አሸናፊውንም ወስኗል። የከሚሴም ቀበሌዎች በዚሁ ሥርዓት ተሞሉ።

በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ ኢሕአዴግ ብቻውን 499፣ አጋሮቹ 46 አገኙ፤ ለተቃዋሚው መድረክ አንድ፣ ለግል ተወዳዳሪም አንድ ቀረ። ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. እነዚያም ሁለቱ ጠፉና 547ቱም ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሆነ። ዓመትም ሳይሞላ ተቃውሞ አደባባይ ወጣ፤ መስከረም 2009 ዓ.ም. ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

እንዲህ ያለ ነገር በሌላ አገርም ታይቷል። በሌሶቶ በ1990 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ አንድ ፓርቲ ከመቶ ስድሳ ያህል ድምፅ አግኝቶ ከ80 ወንበሮች 79ኙን ወሰደ። ከመቶ አርባ የሚሆነው ሕዝብ አንድ ወንበር ብቻ ደረሰው። ዋና ከተማይቱ ማሴሩ ተቃጠለች፣ የጎረቤት ጦር ገባ። ከዚያ በኋላ ባሶቶዎች ተመካክረው 80ውን የምርጫ ክልል እንዳለ አቆዩት፤ በላዩም ወንበር ላጣ ድምፅ ማካካሻ የሚሆን 40 ጨመሩ፤ በ1994 ዓ.ም. በዚሁ ቅይጥ ሥርዓት መረጡ፤ አገራቸውም እንደ ፊተኛው ጊዜ አልተቃጠለም። ትንሽ አገር ናት፤ ምክሯ ግን ትልቅ ነው።

በእኛም አገር ነገሩ ሳይነሳ አልቀረም። መስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ምክር ቤቱን ሲከፍቱ ድምፁ ያልተወከለ ሕዝብ እንዲወከል የምርጫ ሕጉ ይሻሻላል አሉ። ፓርቲዎችም ከገዢው ግንባር ጋር ብዙ ወራት ከተነጋገሩ በኋላ ከመቶ ሰማንያው በአብላጫ፣ ሃያው በተመጣጣኝ ውክልና እንዲሆን ተስማሙ። ከዚያ መንግሥቱ ተለወጠ፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ ሆኑ፤ አዲሱ የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1162፣ ወጣ። አዋጁ ብዙ ነገር አስተካከለ፤ አብላጫውን ግን ሊነካ አልቻለም፤ እርሱ በሕገ መንግሥቱ የታሰረ ነውና።

ይህን ጸሐፊ ስለ ሃያው ቢጠይቁት ይሁን ይላል፤ ስለ መቶው ቢጠይቁት ግን አይልም። ሁሉ በፓርቲ የእጩ ዝርዝር ከሆነ የእጩውን ስምና ተራ የሚወስነው የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ነው፤ የባቲ ሰው የባቲን ሰው በስሙና በአባቱ ስም ዐውቆ መምረጡ ይቀራል። ተሰባስቦ ለሚኖረው የምርጫ ክልሉ ይጠበቅለት፤ ለተበታተነው፣ በከሚሴ ላለው አማራ፣ በደሴም ላለው ኦሮሞ፣ ከየጣቢያው ግድግዳ ድምፁን የሚሰበስብለት ወንበር ይጨመርለት።

በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በጅሌ ጥሙጋ በኩል የሆነውን ግጭት ያየ ዐይን አይረሳውም፤ ለሞቱት ሁሉ ምሕረት፣ ለቀሩት ዕርቅ ይስጥ። ሰኔ 14 ቀን፣ ልክ እንደ 1984ቱ በሰኔ 14፣ ስድስተኛው አጠቃላይ ምርጫ ሆነ፤ በአማራ ክልል በጸጥታ ምክንያት ድምፅ ያልተሰጠባቸው የምርጫ ክልሎች ነበሩ። ውጤታቸው ከታወጀው 436 ወንበሮች ገዢው ብልጽግና ፓርቲ 410ሩን፣ አብን አምስቱን፣ ኢዜማ አራቱን አገኙ። መንግሥት ሲመሠረት ከተቃዋሚ መሪዎች ሦስቱ ሚኒስትር ሆኑ፤ ይህ ደግነት ነው፤ የሰጠ ግን ሊነሳ ይችላል፤ ድምፅ የሰጠውን ወንበር ድምፅ እንጂ ሌላ አይነሳውም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ገባ፤ በኅዳር መጨረሻ ወጣ።

ለአካባቢ ምክር ቤቶች ግን ከሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በኋላ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ምርጫ አልተደረገም ነበር።

አብላጫው እንዲሻሻል የሚሻ ሰው መንገዱ በአንቀጽ 105 ተጽፎለታል። የተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናሉ፤ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛዎቹ በአብላጫ ያጸድቁታል። የአማራ ክልል ምክር ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ነገሩ ወደ ባሕር ዳር በመጣ ቀን ከከሚሴ፣ ከባቲ፣ ከአርጡማና ከጅሌ የተላኩት ወኪሎችም እጃቸውን አውጥተው ይቆጠራሉ።